ባዶ ነው የተባለው ጫካችን

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሞባይል ስልክ ወደ እኛ አገር ገና ብቅ ያለበት፣ ኮረብታ ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ ያልዘረጋ ሰው «ሄሎ» ማለት የማይችልበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከሸኮ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተሂዶ፣ መንገዱ ለመኪናው ተትቶ በእግር ወደ ጫካው ተገብቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ተወጥቶ ነው። ጎረቤት ልጠይቅ ብሎ ጠዋት የወጣ ሰው ምሳውን እዚያው በልቶ ይመለሳል እንጂ ደርሼ መጣሁ የሚባል ነገር የለም። ከሚዛን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጫማውን ከጭቃው እየነቀለ፣ ላቡን እየጠረገ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነበር።

«እዚህ ሰው ይኖራል እንዴ?»

አይ ሰው! ጥያቄውን የሚጠይቀው እኮ ለሰው ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ታናናሾቼ ቀሚሴን ይዘው፣ እናቴ ውኃ በቅል አቅርባ፤ ውኃውን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ «ሰው ይኖራል እንዴ?»

እንዲህ ያለውን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ ንቄዋለሁ። ከትምህርት ቤት ይልቅ ከመጠቅለያ ወረቀት ነው ማንበብ የለመድኩት። ገበያ ጨው ተጠቅልሎ ሲሰጠን፣ ጨዉን እናቴ ትወስዳለች፣ ወረቀቱን እኔ። አንድ ቀን የደረሰኝ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነበር። በደቡብ አሜሪካ ስላለ አንድ የጫካ አገር ይናገራል። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ነው ይላል፤ ወንዙ ብዙ ነው ይላል፤ ሕዝቡ ካሳቫ የሚባል ሥር ይተክላል ይላል። ልክ እንደ እኛ ጎደሬ መሆኑ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ታች ወርዶ፣ «አካባቢው በአብዛኛው ሰው አልባ ነው» ብሎ ቁጭ! ካሳቫውን ማን ተከለው ታዲያ? ዝንጀሮ? ይህን የጻፈው ሰውዬ በዚያ አገር በጀልባ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያላየ ሰው መሆን አለበት ብዬ ነበር፤ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው።

የእኛ ጫካ ባዶ አልነበረም። ለማያውቀው ሰው እንዳገሩ ልንገረው። ከላይ ዋንዛና ቀረሮ አለ፤ ከእሱ ሥር ቡናው፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማው፤ ከኮረሪማው ጎን ጥምዝ የሚባለው ቅመም ግንድ ተደግፎ ይወጣል። ለዝናቡ ጥግ፣ ለፀሐዩ ጥላ፣ ሁሉም በየደረጃው ተቀምጦ ይኖራል። እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ ደግሞ ባለቤት አለው። ግንዱ ላይ በገጀራ የተቀረጸ ምልክት ካየህ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ቀፎ ከተሰቀለበትማ የሰው ቤት በለው። ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ መቁረጥ ሰው ተኝቶ ሳለ ቤቱን እንደማፍረስ ነው። ምልክቱን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይሄ የእነ እገሌ፣ ያ የእነ እገሌ እያልን ነው ያደግነው። የአባቴ ምልክት እንደ ዶሮ እግር ነበር።

አባቴ በወባ ከሞተ በኋላ ያ ጫካ የእናቴ ሆነ። እኔና ሁለቱ ታናናሾቼ የምንበላው ከእሱ ነው። ቡናው ይለቀማል፣ ኮረሪማው ደርቆ ለገበያ ይወጣል፣ ማሩን ደግሞ የእናቴ ወንድም በየጊዜው መጥቶ ያወርድልናል። ጫካው ከሄደ እኛም እንሄዳለን፤ እናቴ በሰው ቡና እርሻ ለቀማ ትገባለች፣ እኔ ከተማ ለሰው ሞግዚት እሆናለሁ። ይህን ማንም አልደበቀንም። እናቴ ራሷ ነበረች የምትነግረን፤ «ይሄ ጫካ አባታችሁ ነው፤ ሁለተኛ እንዲሞት አልፈቅድም» ትል ነበር።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ሚዛን ነው የሚኖረው። መናኸሪያው አጠገብ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ካልሲ ያደርጋል። ሬዲዮ በብብቱ ይዞ ይዞራል። በቋንቋችን ስናናግረው በአማርኛ ይመልስልናል፤ አማርኛው ደግሞ የራሱ ሆኖ ቢሆን ደግ፤ ከሬዲዮው የተዋሰው ነው፤ «ከዚህ አኳያ» ሳይል ውኃ አይለምንም። ወንድሙ ሲቀበር ዘግይቶ ደረሰ፤ ኮረሪማ ሲደርስ ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። «የወንድሜን ልጆች ልጠይቅ» ብሎ ይመጣል፤ ጠይቆን ሲሄድ ከኋላው አንዲት በቅሎ ጆንያ ተጭና ትከተላለች።

በዚያ ዓመት ግን ኮረሪማው ሳይደርስ መጣ። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«አልሰማችሁም? መሬት ሊሰጥ ነው! ለባለሀብት። ባዶ መሬት ሁሉ ሊለካ ነው።»

«ይለኩዋ» አለች እናቴ ጎደሬዋን እየላጠች። «ባዶው የት ነው?»

«ይሄ ነዋ!» ወደ ጫካው ጠቆመ። «ከዚህ አኳያ ጫካ ማለት ባዶ ማለት ነው። ያልታረሰ ሁሉ ባዶ ነው።»

እናቴ ስትናደድ ነው አማርኛ የምትናገረው፤ በጣም ስትናደድ ደግሞ «እርስዎ» ትላለች፤ ከገበያ የለመደችው ነው። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ባዶ ከሆነ፣ እርስዎ በየዓመቱ በጆንያ የሚያስጭኑት ኮረሪማ ከየት ነው?»

«ነገር አታጣምሚ! እኔ ለእናንተ ብዬ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም? እነሱ ከመምጣታቸው በፊት እኛ መንጥረን እንጠብቃቸው። በቆሎ እንዝራበት። በቆሎ ያየ ሰው ባዶ ነው አይልም።»

«ቡናውስ?»

«ቡናው ይቆማል፣ ዛፉ ይቆረጣል። ብራዚል ቡና ሜዳ ላይ ነው የሚበቅለው። ጠራራ ፀሐይ ላይ! ዓለምን የሚያጠጡት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

«ብራዚል ማን የሚባል ሰው ሄዶ አየ?»

«ሬዲዮ ተናገረ።»

«ሬዲዮው ሄዶ ነበር?»

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ታናሽ እህቴ ተከትላኝ መጥታ «ብራዚል ከማጂ ይርቃል?» አለችኝ። ከማጂ የሚርቅ አገር አላውቅም ነበርና «ከማጂ ትንሽ ወዲያ ነው» አልኳት።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን አትወስንም። የባል ወንድም ቃል አለው፤ ሽማግሌም ይቀመጣል። ሽማግሌ ተብለው የተጠሩት ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ነበሩ። መልካም ሰው ናቸው እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ክፋታቸው አንድ ነው፤ መጨረሻ የተናገረውን ሰው «እውነት ብሏል» ይላሉ። እናቴ ስትናገር «እውነት ብላለች» አሉ። አጎቴ ሲናገር «እውነት ብሏል» አሉ። እንዲህ ሲዞሩ ውለው በመጨረሻ ሁለታቸውንም እውነት የሚያደርግ ፍርድ አገኙ። ጫካውን ለሁለት የምትከፍል ትንሽ ጅረት አለች። ከጅረቷ በታች ወደ መንገዱ ያለውን አጎቴ ይመንጥር፣ ከጅረቷ በላይ ያለው ለእናቴ እንደነበረ ይቆይ ተባለ። ጫካውን ገበያ ላይ እንዳለ ጨርቅ ቀደዱት።

መንጣሪ ግን ከጎረቤት አልተገኘም። ቀፎ ያለበት ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው እኛ ሰፈር የለም። ምንጠራው በተጀመረበት ጠዋት ጎረቤቶቻችን ወደ ጸሎት ቤት ሲሄዱ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን ዞሩ። አጎቴ ምን ገዶት! ከከተማ መጥረቢያና መጋዝ የያዙ ጎረምሶች አመጣ። ለደሞዛቸው ሲል የሱቁን ዕቃ ሁሉ አራግፎ ሸጠ። ቀፎዎቹን አውርደው እንደ ማገዶ ከመሯቸው። ከዚያ ዛፎቹ ይወድቁ ጀመር። ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ወፍ ሁሉ ይነሳል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ ከዚያ መሬቷ እግርህ ሥር ትንቀጠቀጣለች። ጉሬዛዎቹ ጥቁርና ነጭ ፀጉራቸውን እያውለበለቡ ጅረቷን ዘለው ወደ እናቴ ወገን ተሻገሩ። ብልህ ስደተኞች! የሚሻገሩበትን ያውቃሉ።

ቀጥሎ ጉቶውና ቅርንጫፉ በእሳት ተለኮሰ፤ አጎቴ በቃጠሎው መካከል ካልሲውን ሱሪው ላይ ስቦ ይዞራል። ጉቶው ሁሉ እየነደደ ነው። አባቴ የቀረጻቸው የዶሮ እግሮችም አብረው ነደዱ። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም፤ ልብ ያለው የለም ስል ራሴንም ጨምሬ ነው፤ እኔ የማስበው ስለ ጉሬዛዎቹ ነበር።

በቆሎው በቀለ፤ አይዋሽም። ቡናው ግን ፀሐይ ሲመታው ቅጠሉ እንደ አሮጌ ቅቤ ቢጫ ሆነ። ኮረሪማውማ ሳምንትም አልቆየም፤ ተኮማትሮ ሞተ።

«ምነው ቢጫ ሆነ?» አለችው እናቴ።

«ብራዚልም መጀመሪያ እንዲህ ነው» አላት ሳያፍር።

በቆሎው እሸት ሲይዝ ደግሞ ጠባቂ ፈለገ። ዝንጀሮ በቀን፣ ከርከሮ በማታ። አጎቴ የቆርቆሮ ክዳን እየደበደበ ሲጮህ ይውላል። «ሃይ! ሃይ!» ሲል እኛ ከማዶ ሆነን «ከዚህ አኳያ! ከዚህ አኳያ!» እያልን እንመልስለት ነበር። እናቴ ትቆጣናለች፤ ግን ፊቷን አዙራ ነው የምትቆጣን።

እሷስ ዝም አለች ብላችሁ ነው? የራሷን ሐሳብ አመጣች። «የከተማ ሰው ቀና ብሎ አያይም» አለች። «ዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ለእሱ የለም። ስለዚህ ቀፎው ወደ ዓይኑ ይውረድለት።» አዲስ ቀፎዎች አሠራች፤ መንገዱ ጅረቷን ተሻግሮ ወደ እሷ ጫካ በሚገባበት በኩል፣ ሰው ፊት ለፊት እንዲያያቸው በደረት ቁመት ልታስራቸው ተነሳች። ቀፎ መስቀል በእኛ ዘንድ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ቀፎ ሰቀለች ሲባል ሰፈሩ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ሽማግሌው ጎረቤታችን መጥተው በትራቸውን ተደግፈው አዩን።

«ልጄ፣ ቀፎ እንዲህ ዝቅ ተብሎ ይታሰራል? ንብ ዶሮ ናት እንዴ?»

«አባባ፣ ንቧ ታውቅበታለች፤ እኔ ያሰርኩት ለሰዎቹ ነው።»

«እውነት ብለሻል» አሉ እንደ ልማዳቸው።

ገመዱን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። እኔ ራሴ ንብ ይገባበታል ብዬ አላመንኩም። ገባበት። ጫካው በግማሽ ሲቆረጥ ቤት ያጣው ንብ ሁሉ የት ይግባ? በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዚያ በኩል ማለፍ የሚችለው ንቦቹ የለመዱት ሰው ብቻ ሆነ። እህቴን ሁለት ጊዜ ጆሮዋን ነድፈዋታል።

መሬት ለኪዎቹ የመጡት በቆሎው ሊደርስ ሲል ነው። መኪናቸው አጎቴ ግንድ ባስጎተተበት መንገድ ተንፏቅቃ ማሳው ድረስ ገባች። ሰዎቹ ሦስት ናቸው፤ አራተኛው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ አባቱም ቀፎ ሰቃይ የነበሩ። አጎቴ ኮት ለብሶ ጠበቃቸው። ሬዲዮውን እንኳ አጥፍቶታል።

«ይኸው!» አለ እጁን ዘርግቶ። «ባዶ አይደለም። ለምቷል!»

ከሦስቱ ወፈር ያለው ዙሪያውን አየ። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው።

«ማነው የመነጠረው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ!» ብሎ እጁን ጨበጠው። «ምንጠራ እኮ ነው የሚያስቸግረው። መኪና ይገባል፣ ሜዳ ነው፣ ጉቶው እንኳ ተቃጥሏል። ባለሀብቱ ነገ ቢመጣ ነገ ይጀምራል።»

የአጎቴ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ለመሄድ መንገድ እንደጠፋው እንግዳ።

«አይ... ጌታዬ... መሬቱ እኮ የእኛ ነው። የወንድሜ ነው።»

«በምን ይታወቃል?»

አጎቴ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ እኔ ምስክርነት አልነፍግህም። በእኛ ደንብ የሰው ይዞታ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። የወንድምህ ምልክት ያለበትን ዛፍ አሳየኝና አሁኑኑ እመሰክራለሁ።»

አጎቴ ወደ ቀኝ ዞረ፤ በቆሎ። ወደ ግራ ዞረ፤ አመድ። ራቅ ብሎ አንድ ጉቶ ስላየ ሮጦ ሄዶ በእጁ ከሰሉን ይፍቅ ጀመር። ይፍቃል፣ ይፍቃል፤ እጁ ጥላሸት ሆነ፣ ኮቱ ጥላሸት ሆነ። ከሥሩ የዶሮ እግር ቀርቶ የዶሮ ላባ አልወጣም። ወንድሙ የተወለትን ምስክር ሁሉ፣ ለወንድሙ ልጆች ብሎ፣ በገዛ ገንዘቡ አስቆርጦ፣ በገዛ ክብሪቱ አቃጥሎታል። ዝንጀሮ እንኳ የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ አይቆርጥም። ወፍራሙ ሰውዬ ሰዓቱን አየ።

«ከጅረቷ ማዶ ያለውስ?» አለ። «ያም ባዶ ነው አይደል?»

እናቴ በዚያ በኩል ቆማ ነበር። መንገዱን ለቀቀችለት፤ ይግባ ብላ። ገባ። ቀና ብሎ አላየም፤ ማየትም አላስፈለገው። የመጀመሪያውን ቀፎ በትከሻው ገፋው። ቀጥሎ የሰማነው ጩኸት ነው። አንድ ዐይኑን በእጁ ሸፍኖ፣ በሌላው እጁ አየሩን እየደበደበ፣ አጎቴ ባለማው በቆሎ መካከል ወደ መኪናው ሮጠ። ሁለቱ ባልደረቦቹም ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተከተሉት። የመኪናው መስታወት ተዘጋ።

ሊቀመንበሩ ብቻ ቀስ ብሎ፣ እንደ አገሩ ልጅ እጁን ሳያወራጭ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ዋንዛዎቹን አንድ በአንድ አየ። ምልክቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ወጥቶ መስታወቱን አንኳኳና በትንሿ ክፍተት በኩል፣ «ይሄኛው ባለቤት አለው፤ በየዛፉ ምልክት አለ፣ እኔ እመሰክራለሁ» አላቸው። ከውስጥ የመጣው መልስ፣ «ተወው! ተወው! ያ አይመችም» የሚል ነበር።

እንዲህ ሆነን ተረፍን፤ እናቴ ባላት ዛፍ፣ አጎቴ በሌለው ዛፍ ተለያዩ። ቸርነት ነው ያተረፈን ካላችሁኝ፣ እኔ የማውቀው የዚያን ሰውዬ አበጥ ያለ ዐይን ነው።

ባለሀብቱ መጣ። ቡና ነው የማለማው አለ። እኛ እንግዲህ ብራዚልን ልናይ ነው ብለን ከማዶ ሆነን ጠበቅን። ሠራተኞቹ ሜዳው ላይ ከሁሉ በፊት የተከሉት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዛፍ! የግራቪሊያ ችግኝ በረድፍ በረድፍ፤ ለቡናው ጥላ እንዲሆን። እናቴ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ስታይ ጎደሬ የቆፈረችበትን ዶማ ተደገፈች። «የተፈጥሮው ጥላ የተቃጠለው የሰው እጅ ስላልተከለው ነው መሰለኝ» አለች። ችግኞቹ ጥላ እስኪጥሉ ድረስ ስንት ዝናብ እንደሄደ የቆጠረ የለም። እኔ በዚያው ጫካ ቡናና ኮረሪማ አደግሁ፤ ታናናሾቼም ተማሩ። ዛሬም ከሚዛን የሚመጣ እንግዳ «እዚህ ሰው ይኖራል እንዴ?» ሲለኝ፣ ባለቀፎው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ አሳየዋለሁ።

አጎቴ ሱቁን መልሶ አልከፈተም። ዕቃው አልቆ ነበር። ባለሀብቱ ዘበኛ ሲፈልግ ሄዶ ጠየቀ፤ መሬቱን ስለሚያውቀው ቀጠሩት። ራሱ በመነጠረው ሜዳ ላይ ካፖርት ለብሶ ችግኞቹን ከከብት ይጠብቅ ጀመር። እዚያ ሜዳ ላይ ጥላ የለም። ቀትር ሲሆን ጅረቷን ተሻግሮ ወደ እናቴ ጫካ ይመጣና፣ የወንድሙ ምልክት ያለበት ዋንዛ ሥር ካፖርቱን አንጥፎ ይቀመጣል። በቋንቋችን ሰላም ይላታል። እናቴ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ላይ አድርጋ ታመጣለታለች። ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ካፖርቱን አራግፎ ይመለሳል።